ለማስታወቂያ የተዋሱት ሳሎን

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። «ባሌ ክፉ አይደለም፤ ብቻ ቤታችን እንደማየው ድራማ ሳቅ የለውም፤ ልተወው ወይ?» ላልሽኝ መልሴ እሱ ነውና፣ መቅደላዊት፣ እስቲ ረጋ ብለሽ ስሚኝ።

የዚህ ሰው ሳሎን ሰፊ ነው፤ ብርሃንም እንደ ልብ ይገባዋል። እግሯ አልታዘዝ ያላት የአሮጊት እናቱ አልጋ እዚያው መስኮቱ ሥር ነበር፤ መንገደኛውን ስታይ ትውላለች። የዘይት ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች መጡና ሳሎኑን ለአንድ ቀን እንዲያውሳቸው ለመኑት። ደስ አለው፣ እሺ አለ። የስፌት መኪናውን አወጡ፣ የተሰጣውን ልብስ አወጡ፣ እናቱንም ከነአልጋዋ ተሸክመው ጎረቤት አስገቧት። በምትኩ ሶፋ ገባ፣ አበባ ገባ። ባል የሚሆን አንድ ወጣት፣ ሚስት የምትሆን አንዲት ቆንጆ፣ ከሌላ ቤት የመጡ ሁለት ልጆችም ገቡ። ወጥ ቀመሱና ሳቁ። ሳቁ አልጣመም ተብሎ አሥራ አንድ ጊዜ ደገሙት፤ ትንሹ ልጅ ሰልችቶት ሲያለቅስ በከረሜላ አባበሉት። ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ በዓይኑ አየ።

ሰዎቹ ማታ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሰው ሄዱ፤ ማስታወቂያውም በየዕለቱ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። መጀመሪያ ኮራ፤ «የኔ ግድግዳ እኮ ነው» እያለ ለጎረቤት ያሳይ ነበር። እያደር ግን ሆዱ ሻከረ። በዚሁ ግድግዳ ሥር ያ ሁሉ ሳቅ፣ እኛን ምን ነክቶን ነው አለ በልቡ። ሚስቱ ወጥ ስታወጣ ፊቷን ያያል፤ አትስቅም፣ ደክሟታል። ልጆቹ ይነታረካሉ፣ እናቱ ታስላለች። ቤቱን ያበላሸችው ይቺ አልጋ ናት ብሎ ደመደመ። አይ ሰው።

አንድ ጠዋት ሚስቱን ጠርቶ «እማዬን ወደ ኋላ ክፍል እንውሰዳት፤ ሳሎኑም ሳሎን ይምሰል» አላት። ያ ክፍል መስኮት የለውም። ሚስቱ የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዘች። በሩ ጋ ሲደርሱ አሮጊቷ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ልጄ፣ ሰዎቹ ዛሬም መጡ እንዴ? መቼ ትመልሱኛላችሁ?» አለችው።

ልብስ ሰፊው «ማንም አልመጣም፣ እማዬ» አለና አልጋውን ወደ መስኮቱ መለሰው። የሚስቱን ዓይን ለማየት አፈረ።

አሁን አንቺ፣ መቅደላዊት፣ ከዚህ ሰው በምን ትሻያለሽ? እሱ እንኳ ሲያወጡና ሲያስገቡ ቆሞ እያየ ነው የተታለለው፤ አንቺ ያንንም አላየሽም። በድራማው የምታዪው ባል ድካም የለው፣ ሕመም የለው፣ የሚጦራት እናት የለችው፤ ያን ሁሉ አስወጥተው ነው ያሳዩሽ። ያንቺው ግን ሲለፋ ውሎ ከነድካሙ ይገባል። ባልሽን ከዚያ ሳሎን ጋር እያስተያየሽ እንደ አሮጊቷ ተሸክመሽው በሩ ጋ ደርሰሻል፤ ይኸው ነው ያደረግሽው። በይ ሂጂና አብራችሁ ራታችሁን ብሉ። ዛሬ ባትስቁም ግድ የለም።