እመት ፍልፈልና ትልቁ ዋሷ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ የምታዛጉ ውጡልኝ!

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ንጉሥ አንበሳን ጎርፍ ግቢው እየገባ አስቸገረው። «ዝሆን ቆፈረ፣ ከርከሮ ቆፈረ፤ ሁሌ ትልልቆቹ! ዘንድሮ ቦዩን የሚቆፍሩት ትንሾቹ ናቸው። የትንሽነት ማኅተም የሌለው ግን እንዳይጠጋኝ!» ሲል አዋጅ አስነገረ።

ይህን የሰማች እመት ፍልፈል ስድስት ወንድምና እህቶቿን ሰብስባ አዲስ የቆፋሪዎች ማኅበር አቋቋመች። ማኅተሙን ሲጠብቁ ለክረምት ያስቀመጡትን ሥራሥር በልተው ጨረሱት። አሁን ማኅተሙ ካልተገኘ መበተናቸው ነው። ፍልፈልን ጭንቅ ያዛት።

«ሹም ፊት ያለ ዋስ ብቀርብ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረኛል?» አለችና፣ ጉድ በሉ፣ ጎረቤቷን አያ ጅቦን ዋስ ሁነኝ ብላ ለመነችው። ትንሽነቷን ልታስመሰክር ጅብ አስከትላ! አያ ጅቦም «ምን ገዶኝ!» አለ፤ በልቡ ግን ቦዩን የራሱ አድርጎታል።

ማኅተሙን የሚመታው ሹም አባ ኤሊ ነበር። ኤሊ ሦስት ጠጠር ከፊቱ ደረደረ። «ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መልሱ የትልቅ ከሆነ አንድ ጠጠር አነሳለሁ። ሦስቱም ከተነሱ እስከ ከርሞ ደህና ሁኚ። ስንት ናችሁ?»

ፍልፈል አፏን ሳትከፍት አያ ጅቦ «ኧረ አገር ምድሩ የእኛ ነው!» ብሎ ደነፋ። ኤሊ አንድ ጠጠር አነሳ።

«የምትሠሩበት ጉድጓድ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! በኔ ሰፈር ያለ የማን ሊሆን ኖሯል?» አለ ጅቡ። ኤሊ ሁለተኛውን አነሳ።

«ብትጣሉ የማን ቃል ይጸናል?»

ጅቡ ጥርሱን ገለጥ አድርጎ ወደ እሷ ዞረ። «ንገሪያቸው እንጂ፣ እህቴ» አላት። ኤሊ እጁን ወደ መጨረሻው ጠጠር ሰደደ። ፍልፈል ጅቡን አየች፤ ጠጠሩን አየች፤ ቤት የሚጠብቋት ስድስቱ ታሰቧት። ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች።

«የኔ ቃል!» ብላ ጮኸች። «አባ ኤሊ፣ እውነቱን ልንገርዎ። እሱን ያመጣሁት በትንሽነቴ አፍሬ ነው። ሰባት ብቻ ነን። ጉድጓዱንም በጥርሳችን የቆፈርነው እኛው ነን!»

«ቀጣፊ! ቤቱ የኔ ነው!» አለ ጅቡ።

«እንግዲያው ግባበታ» አለ ኤሊ።

ሦስቱም ተያይዘው ሄዱ። አያ ጅቦ በእልህ ጭንቅላቱን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ፤ እስከ አንገቱ ገብቶ ተቀረቀረ። «ኡኡ! አውጡኝ!» ስድስቱ ፍልፈሎች በሌላ በር ወጡ፤ ከእህታቸው ጋር ሰባት ሆነው ዙሪያውን ቆፍረው አወጡት። ጅቡም ዞር ብሎ ሳያይ እግሬ አውጪኝ አለ።

ኤሊ የተቆፈረውን አፈር ዞሮ አየ። «ትንሽነታችሁንም አየሁ፣ ሥራችሁንም አየሁ» አለና ማኅተሙን መታላቸው። ዝናብ ሳይጥልም ቦዩን ጀመሩት።

እኔም ነገሬን ጨረስኩ፤ እናንተ ይህን ያዙ፦ በትንሽነቱ ያፈረ፣ ለትልቅ ጉርሻ ይሆናል።