ለሚስቱ የተሟገተው ባል

አንድ ሰው ነበረ። በሩቅ አገር የሚኖር፣ ጎተራው የሞላ፣ በረቱ የሰፋ ባለጠጋ ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ልጅ አልወለደችለትምና ሊፈታት ቆረጠ። የዚያ አገር ሕግ ለእርሱ ያደላ ነበር። ቤቱም መሬቱም የባል ነው፤ ሴት በሸንጎ አትናገርም፤ ስለ እርሷ የሚናገረው ከቤቷ የሆነ ወንድ ነው። የሚስቱ አባት ሞቷል፤ ወንድም የላትም። ስለዚህ ሰውየው ወደ ሸንጎ ሲሄድ ልቡ ሙሉ ነበር።

ዳኛው «ለዚህች ሴት የሚቆምላት ወንድ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የተነሣ ወንድ የለም። ደግሞ ጠየቀ። ያን ጊዜ የሰውየው እናት ምርኩዟን ተደግፋ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«እማማ፣ ሴት በሸንጎ እንደማትናገር ያውቃሉ» አላት ዳኛው።

«አውቃለሁ ጌታዬ፤ ሙግቱን የምናገረው እኔ አይደለሁም። ለልጄ ስድራት ‹ከእንግዲህ የቤቴ ልጅ ነሽ› ብያታለሁ። የቤቴ ልጅ ከሆነች ከቤቴ ወንድ ይቁምላት። ከቤቴ ያለው ወንድ ደግሞ ያ ነው» ብላ በምርኩዟ ልጇን አሳየች። «ተሻገር ልጄ። ስለ እርሷ ተናገር።»

ሸንጎው ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቀም። «ሕጉ ከቤቷ የሆነ ወንድ ይላል እንጂ ባሏ አይሁን አይልም። ተሻገር!» አለው።

ሰውየው የእናቱን ቃል መሻር ፈራ። ሄዶ ከሚስቱ ጎን ቆመ። ቶሎ ብሎ ሊገላገል ፈልጎ ነበር።

«ይህች ሴት ስታገባኝ ምንም አልነበረኝም» ብሎ ጀመረ። «መሬቱ ጫካ ነበር፤ አብራኝ መነጠረች። በድርቁ ዓመት በሬዎቹ ሲያልቁብን ዶማ ይዛ ቆፈረች። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። አረፍ በይ አላልኳትም። ፅንሱ እማሳው ላይ ጨነገፈባት። ከዚያ ወዲህ…»

አንደበቱ እምቢ አለው። ከዚያ ወዲህ አልወለደችም ሊል ነበር። ስንት ዘመን በእርሷ ያሳበበውን ነገር ከገዛ አፉ ሰማው። ዞሮ አያት፤ ከዚያ በፊት አይቷት የማያውቅ መሰለው። በታቦት ፊት እንደ ቆመ ሰው ጋቢውን አደግድጎ አንገቱን ደፋ።

ዳኛው ከወንበሩ ተነሥቶ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። በዚያ አገር ሴት እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም።

«እውነቱን ተናግሯል» አለች። «ግን እናቱ ባያዙት ኖሮ አይናገርም ነበር። ድርሻዬን ስጡኝና ልሂድ።»

ባልየውም እሺ አለ፤ መሬቱም ከብቱም እኩል ተከፈለ፤ እርሷም ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ አገር ሴት ስለ ራሷ በራሷ አፍ ተናገረች።

ልጄ፣ ይህን ተረት የነገርኩህ አንተ ነገ ለዳኝነት ስለምትሾም ነው። «የአንዱ አገር ሕግ ሚስትን እኩል ያካፍላል፤ የሌላው ባዶ እጇን ይሰዳታል፤ ቅኑን በምን ልለየው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ያ ሰው በራሱ ወገን ቆሞ ሳለ ሕጉ ቅን መስሎት ነበር፤ የተሻገረ ጊዜ ግን አንደበቱ እምቢ አለው። አንተም እንዲሁ አድርግ። ሕጉ የሚጫናት ሴት ካለችበት ሂድና እርሷን እያየህ ጮክ ብለህ አንብበው። አንደበትህ እምቢ ካለህ በዚያ ሕግ አትፍረድ።