የዘበኛው ስህተት

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ በሚወርድበት ሰሞን፣ የአንድ ኮምፒውተር ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰበሰበ።

«ያልተሳሳተ አይማርም! እስከ ዓርብ አንድ ደፋር ስህተት ሠርቶ ያላሳየኝ ሰው ከሥራ ይሰናበታል» ብሎ አወጀ።

ሁሉም አጨበጨበ። ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ደመወዝ ነውና ነገሩ ከንክኖታል።

«አባባ፣ እርስዎ መሳሳት ፈሩ እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀበት።

«ኧረ እታዘዛለሁ ጌታዬ! ግን የዘበኛ ስህተት አንድ ነው፤ እሱም ሌባ ማስገባት። ሐሙስ እንዲመጣ እነግረዋለሁ፤ ብቻ መጀመሪያ ወደ ማን ቢሮ ልምራው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁም ትእዛዙ ዘበኛን እንደማይመለከት ወሰነና ላፕቶፑን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ።