የቆጣሪ ቤቱ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ መብራት በፈረቃ በሚታደልበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ወሎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበረ። ከተማዋ ሌላ ምን አላት? ምንም። ፋብሪካው ካሳለው እሷን ትኩሳት ይይዛታል። የምነግራችሁ እዚያ ስለሚሠሩ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነው፤ ደግሞ ሳልጨርስ ፍርድ የሚሰጥ እንዳይኖር፣ አውቃችኋለሁ።

ታዲያ ከላይ አገር አቀፍ ስትራቴጂ ወጣ። ማንኛውም ፋብሪካ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ይለካል፣ ካመረተው ጋር አስተያይቶ ሪፖርት ያደርጋል፤ ከተወሰነው ጣሪያ በላይ ያባከነ ወደ ፈረቃ ይወርዳል። ፈረቃ ደግሞ ለዚህ ፋብሪካ ሞቱ ነው። ማሽኑ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢዞር ያ ሁሉ ሠራተኛ ምን ይበላል? ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ሪፖርት አደረገ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጣሪያው በላይ ሆነ። የመጨረሻው ዕድል ሲመጣ ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው መጥተው ሳምንት ሙሉ ቆጣሪው ሥር ሊቀመጡ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ አሊጋዝ ሠራተኛውን ሰበሰቡ።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አሉ። «ከዚህ መዓት ያወጣንን ሰው የኢነርጂ ኃላፊ አደርገዋለሁ። የቆጣሪ ቤቱን ቁልፍ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማብራትም ማጥፋትም የእሱ ነው፤ እኔም አልገባበትም።»

ታላቅየው ይመር የቦይለር ሠራተኛ ነበር። ቦይለሩ የሚፈላው በኤሌክትሪክ ነው፤ እንፋሎቱ ደግሞ ቀለም ክፍሉ ጣሪያ ሥር ካለው ቧንቧ ሲያፈተልክ ስንት ዘመኑ! ሁሉም ይሰማዋል፣ የሚነካው ግን የለም። ለመጠገን ቦይለሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ ቦይለሩ ከቀዘቀዘ ምርት የለም፤ ምርት ከሌለ የሪፖርቱ ቁጥር ይብሳል። ይመር ቦይለሩን አላቆመም። ተቆጣጣሪዎቹ በመጡ ማግስት ጠዋት፣ እንፋሎቱ እየነፋ መሰላል ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ከታች «ውረድ፣ አበድክ እንዴ!» ሲለው «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» ይላል። ሲወርድ ቧንቧው ጸጥ ብሏል። ቀኝ እጁ ግን እስከ ክርኑ ተልጦ ነበር። ያን እጅ ያየች እህቱ እዚያው አለቀሰች።

መካከለኛው እንድሪስ ኤሌክትሪሺያን ነው። በዚያው ጠዋት ከቆጣሪ ቤቱ የሚወጣውን መስመር ሁሉ በእግሩ ተከተለ። ከጀርባ አጥሩን ተሻግሮ የሚሄድ አንድ ገመድ አለ። ወዴት? ወደ ጤና ጣቢያው፣ የልጆች ክትባት ማቀዝቀዣው ወዳለበት፤ ወፍጮ ቤቱም ከዚያው ይጠባል። የዘረጋው የገዛ አባታቸው ነበር፣ አላህ ይማረው። ገመዱን የማያውቅ ሰው የለም እኮ! ቆጣሪው የእሱንም በፋብሪካው ላይ ይደምረዋል፤ ግን አንድም ቀን እንደ ፍጆታ የቆጠረው ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድ ለጎረቤት የሰጡትን መብራት መቁጠር ነውር ነዋ። ያ ሁሉ ሪፖርት ሲጻፍ ለማንም ትዝ አላለውም። እንድሪስ ግን ቆጠረው፤ ቆጥሮም ቆረጠው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ትብለጥ እየሮጠች መጣች።

«ልጄ፣ ክትባቱ ይበላሻል እኮ!»

«ፋብሪካው ፈረቃ ከገባ ገመዱ ምን ያመጣልሻል፣ ሲስተር?» አላት።

ወላሂ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ግን አልቀጠለውም። እሷም ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አጭቃ ልትጠብቅ ሄደች።

ታናሺቱ ዘምዘም ሪፖርት ጻፊዋ ናት። ያን ዕለት ቀትር ላይ የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ቆጣሪውን አየና ቅንድቡን ሰበሰበ። ትናንት ሽቅብ ይጋልብ የነበረ ቁጥር ዛሬ ቁጭ ብሏል።

«ቆጣሪው ተነካክቷል» አለ። «ፋብሪካው ይታሸጋል።»

ማሸጊያውን ከቦርሳው ሲያወጣ አቶ አሊጋዝ ዘምዘምን በዓይናቸው ለመኗት፤ ስለ ገመዱ ዝም በይ ማለታቸው ነው። ያለፈቃድ ኤሌክትሪክ ለሌላ ማሳለፍ ራሱን የቻለ ጥፋት ነዋ! ብትናገር ፋብሪካውም ሊቀጣ፣ የሟች አባቷም ስም ሊነሳ ነው። ዝም ካለችም እሽግ ነው።

«አልተነካካም» አለች። «ለጎረቤት የምንሰጥበት ገመድ ነበረን። የዘረጋው አባቴ ነው፤ ዛሬ የቆረጠው ወንድሜ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩላችሁ የእኛንም የእነሱንም ፍጆታ ነበር። ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

ሰውየው ተከትሏት ሄዶ ገመዱን አየ፣ ቧንቧውንም አየ። ማሸጊያውን ወደ ቦርሳው መለሰው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ፋብሪካው ከጣሪያው በታች ሆነ፤ ያውም ለጥቂት! አለቃውም ሳይሸፋፍን ተናገረ። ቧንቧው ባይጠገን አታልፉም ነበር፤ ገመዱ ባይቆረጥም አታልፉም፤ ልጅቷ ባትናገር ደግሞ ዛሬ በራችሁ ታሽጎ ነበር አላቸው። «ያለፈውን በማስጠንቀቂያ ትቼዋለሁ። ገመዱ ያለፈቃድ ተመልሶ ቢቀጠል ግን ምሕረት የለም» አለና ሄደ።

ሠራተኛው እልል ሲል አቶ አሊጋዝ ሦስቱን ልጆች ቢሮ አስገቡ። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲስተር ትብለጥም የበረዶ ሳጥኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሳምንቱን ሙሉ በረዶ ስትለምን ከርማለች፤ አሁን የሚሰጣት አጥታለች፤ ከሳጥኑ ሥር ውኃ ይንጠባጠባል።

«ይህን ቁልፍ ብሰጣችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉ አቶ አሊጋዝ።

ይመር የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሁኑኑ እቀጥልላታለሁ» አለ። «የልጆች ክትባት ነው። የመጣው ይምጣ።»

«እኔ አልቀጥልም» አለ እንድሪስ። «የእነዚያው ልጆች አባትና እናት የሚበሉት ከዚህ ነው። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ገመድ አልወራረድም።»

«እኔ ዛሬውኑ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አለች ዘምዘም። «ጤና ጣቢያው የራሱ ቆጣሪ ይገባለታል። በደንቡ ከሆነ ማንም አይነካውም።»

«እስከ መቼ ልጠብቅ፣ የኔ ልጅ?» አለች ሲስተር ትብለጥ።

ዘምዘም አቀረቀረች። «አላውቅም» አለች።

አቶ አሊጋዝ ቁልፉን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። አሁን መናገር ትችላላችሁ፤ ስትጮኹ የነበራችሁ ሁሉ የት ገባችሁ? ይመር የምትለው፣ ተቆጣጣሪው ቢመለስ ለሠራተኛው የምትነግረውን አብረህ ንገረኝ። ዘምዘም የምትይውም፣ በረዶው ፈቃድ እስኪመጣ እንደማይጠብቅ እያወቅሽ በዪ። እንድሪስ የምትሉ ደግሞ ሲስተር ትብለጥን ዓይን ዓይኗን እያያችሁ በሉት። በሉ እንግዲህ፣ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?