መኪናዋ ራሷ መጥታ ትመስክር

አንድ የእድር ጸሐፊ ነበር። አዲሷ መኪናው የእድሩን ድንኳን እንደጫነች እንጦጦ ዳገት ላይ ቀጥ ብላ ቆመችበት። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ድንኳኑን ይጠብቃል። ሰውየው የመኪናዋ ዋስትና መጎተቻንም እንደሚጨምር ትዝ ሲለው፣ ውሉን ይዞ ወደ ሻጩ ድርጅት በረረ።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል፣ «መጎተቻ የምንልከው መኪናዋ አልሄድ ማለቷን በዓይናችን ካየን ብቻ ነው። እዚህ ድረስ አምጣትና እንያት» አለው።

«የማትሄደውን መኪና በምን ላምጣት?»

«ነድተህ ነዋ! ደንባችን ነው።»

ጸሐፊው ውሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እድር ውስጥ ሠርቻለሁ። እስከ ዛሬ ግን ‹መሞቴን አይታችሁ ቅበሩኝ› ብሎ በእግሩ የመጣ ሟች አላጋጠመኝም።»