በጊት ዘር ልትገዛ የወጣች ዕለት

ድሮ ነው፣ እንስሳ እንደ ሰው ይገበያይ በነበረበት ዘመን፣ ስሙን አያቴም በማያውቀው አገር። ቅረቡ ልጆች። አንተም ጎልማሳው ቅረብ፤ ይኼ ለልጆች ብቻ የሚነገር አይደለም።

በዚያ አገር አንድ የበጎች መንደር ነበር። ሁለት ዓመት ዝናብ ቀረባቸውና ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ሳይቀር በልተው ጨረሱ። በሦስተኛው ዓመት ደመናው መጥቆር ሲጀምር አውራው በግ ሰበሰባቸው። «መሬቱ አለ፣ ዝናቡም እየመጣ ነው፤ የሌለን ዘር ነው» አላቸው። የሚሸጡት ነገር ስላልነበራቸው ሁሉም ጸጉሩን ተሸለተ። አሮጊቷም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ በዚያ ሰሞን የተወለደው ግልገልም ተሸለተ። ጸጉሩን በአንድ ትልቅ እሽግ አስረው እመት በጊትን አሸከሟትና፣ እነሱ ራቁታቸውን ቁጭ አሉ። በጊትን የመረጧት ጨዋ ስለሆነች ነው። እሾህ ቢወጋት እንኳ እሾሁን ይቅርታ የምትጠይቅ ነበረች።

ሦስት ቀን ሄዳ ገበያው ደረሰች። ገበያው እንደኛ ገበያ ሜዳ ላይ የተበተነ አይደለም። የጥንት አባቶች ከዳር እስከ ዳር ጣራ ያለበሱት፣ ግራና ቀኙ ሱቅ ብቻ የሆነ፣ ረጅም ጠባብ መንገድ ያለው ገበያ ነው። ፀሐይ የምትገባው በጣራው ቀዳዳ ብቻ ነው። በጊት የቅመሙ ሽታ አወዳት፣ የአንጥረኛው መዶሻ ጆሮዋን ሞላው፤ በሩ ላይ አፏን ከፍታ ቆመች።

በሩ ላይ ጦጢት ተቀምጣለች። ሥራዋ እንግዳ መጠበቅ ነው።

«እንግዳ ነሽ መሰል፣ እትዬ?»

«አዎ እህቴ። የዘር ገብስ ልገዛ ነበር።»

«ገብስ ሻጩ ኤሊ መጨረሻው ላይ ነው። ብቻሽን ትጠፊያለሽ፣ እኔ አደርስሻለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የዚህ ገበያ ነጋዴ ክብሩን ይወዳል። ሰላም ሳይሉት ማለፍ ነውር ነው።»

«ኧረ እኔስ እንዴት ብዬ ሰላም ሳልል አልፋለሁ» አለች በጊት። ጦጢት ይህን ስትሰማ እሽጉን አየት አድርጋ ምራቋን ዋጠች።

መጀመሪያ ያገኙት አያ ጅቦን ነው፤ ቁርበት ሻጭ ነው። ያ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ እሱ ነው፤ ዛሬ ግን አንጣፊው ራሱ ሆኗል።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ጅቦ?»

«ግቢ እንጂ እናቴ፤ ደጅ ቆሞ ሰላምታ የለም።»

ገባች፣ ተቀመጠች፣ ውኃ ቀረበላት። አያ ጅቦ ስለ ቁርበት አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ግልገሎቹስ ደህና ናቸው? ወፈር ወፈር ብለዋል?» እያለ ብቻ በጣም ተጨንቆ ጠየቃት። ስትነሳ በጊት ጦጢትን በሹክሹክታ፣ «ውኃውን ጠጥቼ ባዶ እጄን ብወጣ ምን ይለኛል?» አለቻት። ጦጢትም፣ «እውነትሽን ነው፣ ምን ይልሻል» አለች። በጊት ከእሽጉ ቀንሳ ሰጠችና አንድ ቁርበት ተሸከመች። የበግ ቁርበት ነበር። አይታዋለች፤ የማን እንደሆነ መጠየቁ ግን ነውር መሰላት።

ቀጥሎ ጃርት ነው፤ ቃጭል ሻጭ። «ግቢ እንጂ እናቴ፤ ደጅ ቆሞ ሰላምታ የለም።» ገባች፣ ቆሎ ቀረበላት። «ቆሎውን ቆርጥሜ ባዶ እጄን ብወጣ ምን ይለኛል?» «እውነትሽን ነው፣ ምን ይልሻል።» ቃጭል ገዛች። ቀጥሎ እመት ድመት ናት፤ መስተዋት ሻጭ። እሷ ደግሞ ምንም አላቀረበችም፤ «ወይ መልክ፣ ወይ ቁመና» እያለች አሞገሰቻት እንጂ። ይህን ሁሉ ሙገሳ ተቀብላ ባዶ እጇን ልትወጣ ኖሯል? መስተዋቱን ገዛች። ውስጡ አንዲት የተሸለተች ከሲታ በግ አየችና ሙገሳው ስለ ማን እንደነበር ግራ ገባት።

የቀረውን ሱቅ ልቁጠርላችሁ ብል አንጨርስም። ገበያው ረጅም ነው፣ ሰላምታውም ብዙ ነው። ጦጢት ከየሱቁ ስትወጣ ቀረት እያለች ድርሻዋን ትቀበላለች።

መጨረሻው ላይ ኤሊ ገብሱን ቆልሎ ተቀምጧል። ግቢም አላለ፣ እናቴም አላለ።

«ምን ያህል ነው የምትፈልጊው?»

«ለመንደር የሚበቃ ዘር።»

«ምን ይዘሻል?»

እሽጉን ፈታችው። አንድ እፍኝ ጸጉር ቀርቷል። ኤሊ ጸጉሩን አየ፣ ጀርባዋ ላይ የተቆለለውን ዕቃም አየ፣ ነገሩ ወዲያው ገባው።

«ስሚኝ፣ አንቺ ሴት። በዚህ ገበያ ደንብ አለ። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃ የመለሰ የሰጠውን ያገኛል፤ አንዱም እምቢ ሊልሽ አይችልም። ሂጂ መልሺና ነይ፣ እጠብቅሻለሁ።»

«ውኃቸውን ጠጥቼ፣ ቆሏቸውን በልቼ፣ እናቴ ተብዬ፣ አሁን ዕቃችሁን ውሰዱ ልበላቸው? ምን ይሉኛል?»

«ምን ቢሉሽ ነው የምትሞቺው?» አላት ኤሊ።

ገና ቀን ነበር፤ ሱቆቹም ክፍት ነበሩ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ቆመች። ይባስ ብላ ያችን የቀረችውን እፍኝ ጸጉር ለጦጢት ሰጠቻት፤ ቀኑን ሙሉ ስታደርሳት የዋለችው ባዶ እጇን ብትሄድ ምን ትላለች ብላ። ጦጢት፣ «ኧረ ምን አስቸገረሽ» እያለች ተቀበለች። ጦጢት ስትቀጣ ለማየት የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ። ማንም አልያዛትም፤ የምትተኛው በበግ ጸጉር ላይ ነው።

በጊት መንደሯ ስትደርስ ሁሉም በብርድ እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ ተቀበላት። ቁርበቱን አዩ፣ ቃጭሉን አዩ፣ መስተዋቱን አዩ። ዘር የለም። አውራው በግ አፉን ከፈተ፤ ሁሉም የሚለውን ጠበቀ። እሱ ግን ከመንገድ የገባች ሴት በጥያቄ ማፋጠጥ ከበደውና፣ «እንኳን በሰላም ገባሽ። ቃጭሉ እንዴት ያምራል» አላት። ሌሎቹም፣ «አዎ፣ ያምራል» አሉ። ያን ጊዜ አንዱ እንኳ «ዘሩስ?» ቢል ኖሮ ክረምቱ ሳይገባ ተመልሶ ዕቃውን ለመመለስ ገና ቀን ነበራቸው። አንድም አላለም።

ዝናቡ መጣ። እንደዚያ ያለ ዝናብ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። መሬቱ ጠገበ፣ የሚዘራበት ዘር ግን የለም። ጸጉር ያልነበራቸው ግልገሎች በብርዱ አለቁ። የተረፉት ተሰባስበው ወደ ዘመዳቸው ወደ እመት ፍየል ቤት ሄዱ፤ ሲደርሱ ገበታ ቀርቧል።

«ኑ ቅረቡ፣ ብሉ» አለቻቸው።

በጎቹ ተያዩ። «አይ፣ አሁን በልተን ነው የመጣነው» አለች በጊት።

«ኧረ በሞቴ።»

«እውነቴን ነው፣ ጠግበናል።»

በበጎች አገር እንግዳ ሦስቴ ሳይለመን ወደ ገበታ አይቀርብም። እመት ፍየል ግን ሁለቴ ለምና፣ እንግዶቿን አምና፣ ገበታውን አነሳች።

ሲመለሱ በጊት መንገድ ላይ ወደቀች። «ደከመሽ እንዴ?» አሏት። «ኧረ ደህና ነኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ትስቃላችሁ። እኔ ይህን ስናገር እናደዳለሁ፤ ስንት ቀን በልቻለሁ ብዬ ጦሜን እንዳደርኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ተረቴ ይኸው ነው፤ የገባው ይያዘው፣ ያልገባው ይጠይቀኝ፣ መጠየቅ አይገድልም። የጥንቶቹም ያሉት ይህንኑ ነው፦

ያለውን በይሉኝታ የሰጠው፣ በልቻለሁ እንዳለ ረሃብ ዋጠው።