የእመት አህያ ተራ

አንድ ጊዜ ቀበሮ በጫካው መሀል ግቢ አጥሮ ሰዋስው ማስተማር ጀመረ። የኔታ ተባለና አንገቱን ቀና አደረገ። ተማሪዎቹ አያ ጅቦ፣ ጦጣና እመት አህያ ነበሩ። በደንቡ ተማሪ መምህሩን በተራ ያገለግላል፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ምን ያደርጋል፣ ተራው ሁልጊዜ እመት አህያ ላይ ይወድቅ ነበር። ጅብ «ወገቤን» ይላል፣ ጦጣ «እጄ ቀጭን ነው» ትላለች፤ የኔታም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

እመት አህያ ውሃውን አራግፋ ስትገባ ትምህርቱ ያልቃል። አንድ ቀን ትዕግስቷ አለቀ።

«የኔታ፣ ተራ ማለት የእኔ ስም ነው እንዴ? መቼ ልማር?»

«ትምህርት ጭንቅላት ላለው ነው፤ አንቺ ጀርባ አለሽ» አሏት። ጅብና ጦጣ ሳቁ።

እመት አህያን የሚያስፈራት ግን ፈተናው ነበር። ቅዳሜ አያ አንበሶ ራሱ ሊፈትን ይመጣል፤ የወደቀ ከግቢው ይባረራል። ከአጥሩ ውጭ የጅብ ዘመዶች ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። አያ ጅቦም ይህን እያሰበ ምራቁን ይውጥ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። አንበሳ ተቀመጠና ጅብን ጠየቀው፦ «ግስ ስንት ዓይነት ነው?»

«ሁለት። ሥራው ከሠሪው አልፎ ሌላ ላይ የሚያርፈው ተሻጋሪ፣ እዚያው ሠሪው ላይ የሚቀረው የማይሻገር» አለ ጅብ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ።

«ለተሻጋሪው ምሳሌ ስጠኝ።»

«በላሁ።»

«ለማይሻገረውስ?»

ጅብ ብዙ አሰበ። «እሱም በላሁ ነው። እኔ ከበላሁ ወዲያ ወደ ማን ይሻገራል?»

ይሄኔ እመት አህያ ውሃ እንደተሸከመች ገባች። ቀበሮ ፈጠን ብሎ «ጌታዬ፣ በእሷ አይድከሙ፤ አልተማረችም። ትውጣ» አለ።

«ትጠየቅ» አለና አንበሳ ያንኑ ጥያቄ ደገመላት።

እመት አህያ እንስራውን ቀበሮ እግር ሥር አስቀመጠች።

«ተሻጋሪውን ልንገራችሁ። ውሃ ቀዳሁ፣ እንጨት ተሸከምሁ፣ ግቢ ጠረግሁ። ሥራዬ ከእኔ አልፎ እነዚህ ላይ አረፈ፤ ጠጡት፣ ሞቁት፣ ተኙበት። የማይሻገረው ደግሞ ደከምሁ፣ ጎበጥሁ፣ ቆሰልሁ ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱም ወደ እነሱ አልተሻገረም።»

አንበሳ ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁስል አየና «ማን አስተማረሽ?» አላት።

«ማንም። ትርጉሙን ከአጥር ሥር እንጨት ሳወርድ ሰማሁት። ምሳሌው ግን የራሴ ነው።»

«አልፈሻል» አለ አንበሳ።

እሷ ግን አላመሰገነችም። ወደ ቀበሮ ዞራ «የኔታ፣ የነገው ተራ የማን ነው?» አለች።

ጅብ ወገቡን ያዘ፤ ጦጣ እጇን ደበቀች፤ ቀበሮም ጉሮሮውን ጠረገ። አንበሳ ተቆጥቶ «ሦስታችሁም ውሃ ልትቀዱ ትሄዳላችሁ፣ ዛሬውኑ» ሲል ባዶ እንስራ ይዘው ወጡ። በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። ከመካከላቸው ወንዙ በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ድካሙን ለሌላ ጥሎ ቃሉን ብቻ የሸመደደ ሰው፣ የተማረው ነገር ሥራ ላይ በሚውልበት ቀን ባዶ እጁን እንደሚቆም ነው።